ዶክተር ጆንሰንና ትንንሾቹ ቃላት

እንግሊዝኛን ለብዙ ዓመታት ስንማር የኖርን ሁሉ አንድ ነገር ሳይገርመን አይቀርም። የኢኮኖሚክሱን፣ የሕጉን ወይም የፍልስፍናውን መጽሐፍ ገልጠን ረጃጅሞቹን ቃላት ያለ ብዙ ችግር እናነባለን፤ በፈተና ወረቀታችንም ላይ እናሰፍራቸዋለን። ነገር ግን አንድ እንግሊዛዊ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጁ ጉንፋን ወይም ከጎረቤቱ ጋር ስላደረገው ጠብ ሲያወራ ብንሰማ ወሬው በመካከሉ ያመልጠናል። ያመለጠንም ቃላቱን ስለማናውቃቸው አይደለም። «ፑት» ማስቀመጥ፣ «ቴክ» መውሰድ፣ «አፕ» ወደ ላይ፣ «አውት» ወደ ውጭ ማለት መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ችግሩ የምናውቃቸው ሁለት ቃላት ሲጋጠሙ የማናውቀውን ሦስተኛ ነገር መውለዳቸው ነው።

ይህን ችግር ከማናችንም በፊት ልብ ብሎ ያየ፣ እንግሊዝኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ ለሚማሩ ሰዎችም አስቦ ዓመታት የደከመበት አንድ ሰው ነበር። እሱም ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ነው። የሚያስደንቀው ግን ይህ ሰው በዘመኑ የታወቀውም የታማውም ከላቲን በተቀዱ ከባባድ ቃላቱ መሆኑ ነው። በትልልቅ ቃላት የታማው ሊቅ ለትንንሾቹ ቃላት ከሁሉ ይልቅ እንዴት እንደ ተጨነቀ ለመረዳት፣ የሕይወቱን ታሪክ ከመጀመሪያው ማየት ያስፈልገናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1709 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ንግዱ ግን እምብዛም ስላልተቃናለት ቤተ ሰቡ በዕዳና በሐሳብ ይኖር ነበር። ሕፃኑ ገና በጡት ሳለ የአንገት ዕጢ የሚያሳብጥ ክፉ በሽታ ያዘው። በዚያ ዘመን ይህን በሽታ ንጉሥ በእጁ ቢዳስሰው ይድናል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ እናቱ በ1712 ወደ ለንደን ወስዳ በንግሥት አን እጅ አስዳሰሰችው። ልጁ ግን አልዳነም። ፊቱና አንገቱ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ አንድ ዓይኑ ማየት የተሳነው ያህል ሆነ፤ ጆሮውም ደከመ። ካደገም በኋላ ሰውነቱ ሳያዝዘው ይንቀጠቀጥና ይወዛወዝ ስለ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው አእምሮው የጎደለ ይመስለው ነበር። እሱ ግን በአባቱ ሱቅ መደርደሪያ መካከል ተቀምጦ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ እያነበበ አደገ።

በ1728 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ። በንባብ ከመምህራኑ የማያንስ ተማሪ ቢሆንም ገንዘብ አልነበረውም። ጫማው ከማርጀቱ የተነሣ የእግሩ ጣቶች ይታዩ ነበር። አንድ ሰው አዝኖለት ስሙን ሳይገልጥ አዲስ ጫማ ከደጃፉ ቢያኖርለት፣ ጆንሰን ተቆጥቶ ወረወረው። ከኛ መካከል ይህን ትዕቢት የሚለው ይኖር ይሆናል፤ ችግርን የቀመሰ ተማሪ ግን የነገሩን ምንነት ሳይረዳው አይቀርም። ከ13 ወራት በኋላ የሚከፍለው አጥቶ፣ ዲግሪውን ሳይዝ፣ ኮሌጁን ለቆ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ።

ዲግሪ የሌለው ሰው በዚያ ዘመንም ሥራ ማግኘት ይቸግረው ነበር። አባቱ በ1731 ከሞተ በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኖ ጥቂት ቆየ፤ ኑሮው መሮት ተወው። ቀጥሎ በበርሚንግሃም ከተማ ከወዳጁ ዘንድ ተጠግቶ ሳለ የመጀመሪያ መጽሐፉን አዘጋጀ። ይህ መጽሐፍ አገራችንን የሚነካ ነው። ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛው ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ አሳጥሮ መለሰው። በሐዘንና በስንፍና ተይዞ ከአልጋው መነሣት ስላቃተው፣ ተኝቶ እየተናገረ ወዳጁ ኤድመንድ ሄክተር ይጽፍለት እንደ ነበር ይተረካል። መጽሐፉ በ1735 ታተመ፤ የድካሙ ዋጋም አምስት ጊኒ ብቻ ነበር። በመቅድሙ ላይ ግን አንድ ቁም ነገር አስፍሯል። ይኸውም የሩቅ አገር ሰዎች ጭራቆችም መላእክትም አለመሆናቸውን፣ በሄዱበት ሁሉ የሰው ጠባይ ክፋትና ደግነት የተቀላቀለበት መሆኑን ነው። ባዕዱን እንደ ሰው የማየት ጠባዩ ኋላ በመዝገበ ቃላቱም ሥራ ታይቷል።

በዚያው ዓመት በዕድሜ በ20 ዓመት የምትበልጠውን ኤሊዛቤት ፖርተር የምትባል ባል የሞተባት ሴት አገባ። በእርስዋ ገንዘብ የከፈተው ትምህርት ቤት ከጥቂት ተማሪዎች በላይ ስላላገኘ ተዘጋ። በ1737 ከተማሪዎቹ አንዱ ከነበረው፣ በኋላ ከእንግሊዝ ተዋንያን ሁሉ በላይ ከታወቀው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ወደ ለንደን ወረደ። በለንደንም ለመጽሔት እየጻፈ፣ አንዳንድ ጊዜም ማደሪያ አጥቶ ሌሊቱን በመንገድ ላይ ሲዞር እያደረ፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታገለ።

በ1746 ዓ.ም. ጥቂት የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎች ተባብረው ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው ተዋዋሉት። ዋጋው 1,500 ጊኒ ሆነ፤ የረዳቶቹንም ደመወዝ የሚከፍለው ከዚሁ ነበር። 40 አባላት የነበሩት የፈረንሳይ አካዳሚ የመጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን በ1694 እስኪያወጣ ከ50 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ጆንሰን ግን ሥራውን በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ተነሣ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀበት።

ጎፍ ስኩዌር በሚባለው ስፍራ ቤት ተከራየና በላይኛው ፎቅ ስድስት ጸሐፊዎች አስቀመጠ። ከስድስቱ አምስቱ የስኮትላንድ ሰዎች ነበሩ። የሥራው አካሄድ እንዲህ ነበር። ጆንሰን የታወቁትን ደራስያን፣ ሼክስፒርን፣ ሚልተንን፣ ቤከንን፣ ድራይደንን፣ መጽሐፍ ቅዱስንም ሳይቀር እያነበበ ቃሉ በደንብ የተሠራበትን ዐረፍተ ነገር ያሰምርበታል፤ የቃሉንም የመጀመሪያ ፊደል በኅዳጉ ላይ ይጽፋል። ጸሐፊዎቹ ያንን በቁራጭ ወረቀት ይገለብጣሉ፤ ወረቀቶቹ በፊደል ተራ ይደረደራሉ። ከዚያ በኋላ ጆንሰን ቁራጮቹን ፊቱ ዘርግቶ ቃሉ ስንት ዓይነት ፍች እንዳለው ይለያል። ስለዚህ ፍቹን ያገኘው በሐሳቡ ፈጥሮ ሳይሆን ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሠራ አይቶ ነው።

ይህን ሲያደርግ ሳለ ነው ትንንሾቹ ቃላት የተነሡበት። ከላቲን ወይም ከግሪክ የመጣ ረጅም ቃል አንድ ወይም ሁለት ፍች ተሰጥቶት ያልፋል። የቤትና የገበያ ቃላት የሆኑት «ቴክ»፣ «ፑት»፣ «ሴት»፣ «ጊቭ»፣ «ካም»፣ «ፎል» ግን ወረቀታቸው ተራራ አከለ። «ቴክ» ብቻውን 134 ፍች ወጣለት። የብዛቱም አንዱ ምክንያት እነዚህ ግሦች ከኋላቸው «አፕ»ን፣ «ኦፍ»ን፣ «ኢን»ን፣ «አውት»ን የመሰለ ትንሽ ቃል ሲከተላቸው ትርጉማቸው ፈጽሞ መለወጡ ነው። ዛሬ የሰዋስው መጻሕፍት «ፍሬዛል ቨርብ» ይሏቸዋል፤ እኛም ሐረጋዊ ግሥ ልንላቸው እንችላለን። ስሙ በመጽሐፍ ታትሞ የታወቀው በ1925 ነው፤ ነገሩን ግን ጆንሰን ያን ጊዜውኑ ለይቶት ነበር። በመዝገበ ቃላቱ መቅድም ላይ ይህን የመሰለ አነጋገር ከሌላ ቋንቋ ሁሉ ይልቅ በእንግሊዝኛ ሳይበዛ እንደማይቀር፣ ባዕዳንንም አጥብቆ የሚያስቸግራቸው ይኸው መሆኑን ገለጠ። በብዙ ድካም ስለ ሰበሰባቸውም ችግሩ ከእንግዲህ ወዲህ የማይቻል አይሆንም ብሎ ተስፋ አደረገ።

ችግሩን በዕለት ተዕለት ዐረፍተ ነገር እንየው። «ፑት» ማስቀመጥ ነው ብለናል። «ፑት ኦን ዩር ኮት» ሲሉ ግን ኮትህን ልበስ ማለት ነው። «ፑት አውት ዘ ላይት» መብራቱን አጥፋ ነው። «ዜይ ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ስብሰባውን ለሌላ ቀን አስተላለፉት ነው። «አይ ካንት ፑት አፕ ዊዝ ዚስ ኖይዝ» ይህን ጫጫታ ልታገሠው አልችልም ነው። በአማርኛ መልበስ፣ ማጥፋት፣ ማስተላለፍና መታገሥ የማይዛመዱ አራት ግሦች ናቸው፤ ለእንግሊዙ ግን ሁሉም የአንድ «ፑት» ልጆች ናቸው። «ሉክ»ም እንዲሁ ነው። «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ኢንቱ» መመርመር፣ «ሉክ ዳውን ኦን» መናቅ ይሆናል። መጨረሻውስ ለኛም እንግዳ አይደለም፤ እኛም የናቅነውን ሰው ዝቅ አድርገን አየነው እንላለንና።

አንዳንዶቹ ሥዕላቸው ግልጥ ነው። «ዊ ሴት አውት አት ዶውን» ማለት ጎሕ ሲቀድ ጉዞ ጀመርን ነው፤ «አውት» ከቤት መውጣታቸውን ያሳያል። «ዘ ሬይንስ ሃቭ ሴት ኢን» ሲሉ ክረምቱ ገባ እንደምንለው ነው፤ ዝናቡ መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን የሚሰነብት መሆኑን ይናገራል። «ሂ ቴክስ አፍተር ሂዝ ፋዘር» ሲሉ ግን በግምት የሚደረስበት አይደለም፤ ልጁ በአባቱ ወጥቷል ማለት ነው።

የቦታቸውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ስም ሲሆን «ፑት አውት ዘ ላይት»ም «ፑት ዘ ላይት አውት»ም ማለት ይቻላል። በስሙ ፈንታ «ኢት» የሚለው ተውላጠ ስም ከገባ ግን የግድ በመካከል ይገባል፤ «ፑት ኢት አውት» ይባላል እንጂ «ፑት አውት ኢት» አይባልም። በ«ሉክ አፍተር» ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ሉክ አፍተር ኢት» ይባላል እንጂ ሁለቱ ቃላት አይለያዩም። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ግሥ ለብቻው ሳይሆን ከነዐረፍተ ነገሩ መያዝ የሚበጀው።

ረጃጅሞቹ ቃላት ለምን እንደሚቀሉን አሁን መገመት እንችላለን። እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ብዙ ጊዜ ሁለት ልብስ አለው። አንደኛው ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጣው የክብር ልብስ ነው፤ ሁለተኛው የቤቱ ልብስ ነው። በጽሕፈት ቤትና በመማሪያ መጽሐፍ «ፖስትፖን»፣ «ቶለሬት»፣ «ኢንቬስቲጌት» ይባላል፤ በቤትና በመንገድ «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ሉክ ኢንቱ» ይባላል። እኛ ቋንቋውን የተዋወቅነው በክፍል ውስጥ ስለሆነ የክብሩን ልብስ እናውቃለን፤ የቤቱን አላየነውም።

ጆንሰን ሥራውን ሲጀምር ቋንቋውን አጥርቶ እንዳይለወጥ ለማድረግ አስቦ ነበር። ሲጨርስ ግን የሰው ቋንቋ በመዝገብ ታስሮ እንደማይቆም አምኗል። በእርግጥም ራሱ ከመዘገባቸው መካከል የተለወጡ አሉ። «ካም ኦፍ»ን እሱ በዘዴ ማምለጥ ሲለው፣ ዛሬ አዝራር ከኮት ላይ ሲነቀል ወይም የታሰበ ነገር ሲሳካ ይነገራል። በመቅድሙ ላይ «ቴክ ኦፍ»ን መቅዳት ብሎ ተርጉሞታል። አውሮፕላን ከመሬት ሲነሣ በዚሁ ግሥ መነገሩን ግን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ አውሮፕላን አልነበረምና።

ይህን ስንናገር እንግሊዝኛ ብቻ አስቸጋሪ ነው ማለታችን አይደለም። አማርኛ የሚማር ባዕድ «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» የሚለውን ሲያገኝ ምን ይሆን? «አለ» ተናገረ ማለት መሆኑን ተምሯል፤ ዝም ያለው ሰው ግን አንዳች ቃል አልተናገረም። «ቁጭ»ንም ለብቻው ቢፈልግ ትርጉም አያገኝለትም። «እጅ ሰጠ»ን ቃል በቃል ቢፈታው ሰላምታ ይመስለዋል። እኛ በተወለድንበት አፍ ስለምንናገረው ችግሩ አይታየንም። ጆንሰንን የምናመሰግነው እንግዲህ በዚህ ነው፤ በገዛ ቋንቋው ውስጥ ቆሞ በባዕድ ዓይን ሊያየው ችሏልና። በአገራችንም ይህን የመሰለ ትዕግሥት ያላቸው ሊቃውንት አልጠፉም። አለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ደከሙበት፤ እርሳቸውም ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት።

የጆንሰን የሥራ ዘመን የሐዘንም ዘመን ነበር። መዝገበ ቃላቱ ሳያልቅ በ1752 ሚስቱ ሞተችበት። የሥራውን ዕቅድ በ1747 ያቀረበለት ባለጠጋ ሎርድ ቼስተርፊልድ ለብዙ ዓመታት ዞር ብሎ አላየውም። መጽሐፉ ሊወጣ ሲል ግን በጋዜጣ ማወደስ ጀመረ። ጆንሰንም በየካቲት 1755 በጨዋ ቃል፣ ነገር ግን በመረረ ልብ፣ በሰጠምኩ ጊዜ ያልደረሰ ርዳታ ከዳር ከወጣሁ በኋላ አያስፈልገኝም የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ጻፈለት። የተወረወረውን ጫማ ያስታውሰናል።

መዝገበ ቃላቱ በሚያዝያ 1755 በሁለት ታላላቅ ጥራዞች ወጣ። 42,773 ቃላትና ከ110,000 የሚበልጡ የደራስያን ምሳሌዎች ነበሩበት። ኦክስፎርድም በገንዘብ ችግር ባዶ እጁን ለወጣው ተማሪ በዚያው ዓመት የማስተርስ ዲግሪ ሰጠው። ዶክተር የተባለው ከዚያ በኋላ የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ በ1765፣ ኦክስፎርድም በ1775 የክብር ዶክተርነት ስለ ሰጡት ነው።

ክብሩ ግን ሆዱን አልሞላለትም። በ1756 በዕዳ ተይዞ ወዳጁ ደራሲው ሪቻርድሰን ነው ያስለቀቀው። በ1759 እናቱ ስትሞት ለቀብርዋና ለዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራስላስ»ን ጻፈ። ይህ በአማራ ተራሮች በተከበበ ሸለቆ ተድላና ምቾት ሞልቶለት የሚኖር፣ ነገር ግን ደስታን ፍለጋ ወደ ዓለም የሚወጣ የኢትዮጵያ መስፍን ታሪክ ነው። ስሙን ሎቦ ከጠቀሳቸው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንዳገኘው ሊቃውንት ይገምታሉ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለ መለሱት መስፍኑ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አገሩ ገብቷል።

በ1762 መንግሥት በዓመት 300 ፓውንድ ስለ ቆረጠለት የጆንሰን ኑሮ ተቃለለ። በ1763 ታሪኩን በኋላ የጻፈለትን ጄምስ ቦዝዌልን ተዋወቀ። ቤቱን የድኾች መጠጊያ አደረገው። በጃማይካ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርን እንደ ልጁ አስተምሮ ዋናው ወራሹ አደረገው። በሽምግልናውም ወራት አንድ የቆየ ነገር ይቆጠቁጠው ነበር። በወጣትነቱ አባቱ በዩቶክሲተር ገበያ መጽሐፍ እንዲሸጥለት ቢለምነው በትዕቢት እምቢ ብሎት ነበርና፣ አባቱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚያው ገበያ ሄዶ ራሱን ገልጦ በዝናብ ቆመ። በታኅሣሥ 1784 በ75 ዓመቱ አረፈ፤ በዌስትሚንስተር አቢም ተቀበረ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለራሳችን የምንወስደው ምንድር ነው? ማንም ሰው በትልልቅ ቃላት ያወቀ ሊመስል ይችላል። ትንሹን ቃል ንቆ የሚያልፍ ተማሪ ግን ሰውየው ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚናገር አያውቅም፤ ሰውየውንም አላወቀውም። ጆንሰን በትልልቅ ቃላት ማንም የማይወዳደረው ሊቅ ሆኖ ሳለ «ፑት»ንና «ቴክ»ን ጎንበስ ብሎ ከመልቀም አላፈረም። እኛስ ምን ያሳፍረናል? የእሱ ጸሐፊዎች እንዳደረጉት ቁራጭ ወረቀት እንያዝ፤ በጋዜጣ፣ በሬዲዮ ወይም በልብ ወለድ መጽሐፍ አንድ ሐረጋዊ ግሥ ስናገኝ ፍቹን ብቻ ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩንም ጽፈን እናስቀምጥ። በቀን ሦስት ብንጽፍ በዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ጫማው የተቀደደው ተማሪም ሥራውን ከዳር ያደረሰው ከዚህ ብዙም የማይበልጥ ሀብት ይዞ ነው።